በወረታና በፎገራ ሜዳ የጠጉር ቆራጭ ቤት፤ አመጣጡና መዘጋቱ

የአንድ ሰፈር ነባር የጠጉር ቆራጭ ቤት ሲዘጋ የሚያዝኑ ሰዎች «አንድ ባህል ሞተ» ይላሉ። አነጋገሩ ለጆሮ መልካም ነው፤ ነገር ግን የታሪክ ተማሪ የሚቀበለው ከመረመረው በኋላ ሊሆን ይገባል። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን ለማንሣት አስበናል። አንደኛ፣ የጠጉር ቆራጭ ቤት ሳይኖር የሰውን ጠጉር የሚላጨው ማን ነበረ? ሁለተኛ፣ ቤቱ በምን ምክንያት ተከፈተ? ሦስተኛ፣ ዛሬ በምን ምክንያት ይዘጋል፣ ሲዘጋስ ከእርሱ ጋር የሚሄደው ምንድን ነው?

ለጥናታችን ወረታንና በዙሪያዋ ያለውን የፎገራን ሜዳ መርጠናል። ሜዳው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ተዘርግቶ ይገኛል፤ ጉማራና ርብ የተባሉት ወንዞች አቋርጠውት ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ክረምት ሲበረታ ውሃ ይተኛበታል፤ በስሙ የሚጠሩት የፎገራ ከብቶችም በዚሁ ሜዳ ሣር የታወቁ ናቸው። ወረታ ራሷ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች ከተማ ስትሆን፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚሄደውም መንገድ የሚገነጠለው ከእርስዋ ነው። የመረጥናትም ስለዚሁ ነው። የመንገድ ከተማ በመሆኗ፣ የጠጉር ቆራጭን ሙያ ከነአመጣጡና ከነአካሄዱ ለመመልከት ትመቻለች።

1. ጠጉር ምስክር በነበረበት ዘመን

በቀድሞው ዘመን ጠጉር የራስ ጌጥ ብቻ አልነበረም። የሰውየውን ዕድሜ፣ ትዳር፣ ኀዘንና ጀግንነት የሚናገር ምስክር ነበረ። ሕፃን ወንድ ልጅ ራሱ ተላጭቶ በአናቱ ላይ ቁንጮ ይቀርለት ነበር፤ ሕፃኑ ቢሞት መልአክ በቁንጮው ይዞ እንዲያወጣው ነው ይባላል። ልጃገረድ መኻል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን በማሳደግ ሳዱላ ትሆናለች፤ ስታገባ ግን የተላጨው ይበቅላል፣ ጠጉሯም ሹሩባ ይሠራል። ቤተ ዘመድ የሞተባት ሴት ጠጉሯን ትላጫለች፤ ያየም ሁሉ ሳይጠይቅ ኀዘኗን ያውቃል።

ወንዱም ቢሆን እንዲሁ ነበረ። በጦር ሜዳ የገደለ ሰው ጠጉሩን ሊሠራ መብት ነበረው፤ ያልገደለ ግን እንዲያ ማድረጉ ያስነቅፈው ነበር። እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1830ዎቹ ዓ.ም. በትግራይ ተቀምጦ ይህን ልማድ ጽፎታል። ከእርሱ በፊት በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በቤተ መንግሥት ሹመት ባገኘ ጊዜ ጠጉሩ በአገሩ ወግ ተከርክሞ፣ ተጠቅልሎና ሽቶ ተቀብቶ እንደ ነበረ፣ ከዚያም በኋላ በመልክ ከአገሬው እንዳልተለየ ይተርካል። የውጭ አገር ሰው የቤተ መንግሥት ሰው ለመሆን ልብስ መለወጡ ብቻ እንዳልበቃው፣ ጠጉሩም መለወጥ እንደ ነበረበት ከዚህ እንረዳለን።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን ለፎገራ ቅርብ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ዋና ከተማቸው ያደረጓት ደብረ ታቦር ከወረታ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ንጉሡ በሹሩባቸው የታወቁ ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን በገደሉ ጊዜ፣ ከጠጉራቸው ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። ሁለት ጉንጉኖች በ1951 ዓ.ም. ለንደን ላለው የብሔራዊ ጦር ሠራዊት ቤተ መዘክር ተሰጡ፤ ሰጪዎቹም የንጉሡን አስከሬን የሣለው ሠዓሊ ቤተ ዘመዶች ነበሩ። ቤተ መዘክሩ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ መልሷቸዋል። ከ150 ዓመት በኋላ ስለ ጥቂት ጠጉር የሁለት መንግሥታት ሰዎች ሥነ ሥርዓት አድርገው ሲረካከቡ ማየት፣ ጠጉር በአገራችን ምን ያህል ክብር እንደ ነበረው ለሚጠራጠር ሰው በቂ መልስ ይመስለናል።

ይኸው ስሜት በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ እንደገና ታየ። ብዙዎቹ አርበኞች ጎፈሬያቸውን አሳድገው ዱር ገቡ። ያልተቆረጠ ጠጉር ያልተገዛ ሰው ምልክት ሆነ።

2. መላጨት እንደ ወንፈል

እንዲህ ያለውን የከበረ ነገር የሚነካው ማን ነበረ? መልሱ ባለሙያ ሳይሆን ወገን ነው። ሕፃኑን እናቱ ወይም አያቱ ትላጨዋለች፤ የሴቲቱን ሹሩባ ጎረቤቷ ወይም እኅቷ ትሠራላታለች፤ ወንዱን ጓደኛው በዛፍ ጥላ ሥር፣ ቀጥቃጭ በሠራው ምላጭ ይላጨዋል። የቆሎ ተማሪዎችም እርስ በርሳቸው ይላጫጩ ነበር። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ አይከፈልም። ገበሬው «ዛሬ የእኔን እረስልኝ፣ ነገ የአንተን አርስልሃለሁ» ብሎ ወንፈል እንደሚገባ ሁሉ፣ መላጨትም የወንፈል ሥራ ነበረ ለማለት እንደፍራለን።

ገንዘብ ያልገባበት ምክንያት ግልጽ ነው። የሚላጭ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ማጅራቱን ለስለት ይሰጣል። ቂመኛ በበዛበትና ደም በሚፈላለጉበት አገር ይህን ለማያውቁት ሰው ማድረግ እብደት ይሆን ነበር። ስለዚህ ምላጭ የሚይዘው እጅ አስቀድሞ የታመነ እጅ መሆን ነበረበት። ሙያውም ቢሆን ቀላል አልነበረም፤ ጠጉሩን በውሃ ማራስና ማለስለስ ያስፈልጋል። «በደረቁ ላጨው» የሚለው አነጋገራችን፣ ሰው ያለ ርኅራኄ መበዝበዙን የሚያመለክት፣ ከዚህ ሙያ የመጣ መሆኑ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል።

እዚህ ላይ የአውሮፓን ታሪክ ማነጻጸር ይጠቅማል። በለንደን ጠጉር ቆራጮችና ቀዶ ጥገና አድራጊዎች በ1540 እ.ኤ.አ. በንጉሡ በሄንሪ 8ኛ ዘመን በአንድ ማኅበር ተቋቁመው፣ እስከ 1745 እ.ኤ.አ. አብረው ኖረዋል። ማኅበር ስለ ነበራቸው መዝገብ አላቸው፤ መዝገብ ስላላቸውም ታሪክ አላቸው። በእኛ አገር ግን የተሰበረ አጥንት የሚጠግነው ወጌሻ ሌላ፣ የሚላጨው ሌላ ነበረ፤ የሚላጨውም ማኅበር ያለው ባለሙያ ሳይሆን ጎረቤት ነበረ። ስለዚህ የጻፈው መዝገብ የለም። ታሪኩን የምናገኘው ከቋንቋ፣ ከተጓዦች ጽሑፍና ከሽማግሌዎች አፍ ነው።

3. መንገድና ምላጭ

ታዲያ የጠጉር ቆራጭ ቤት ከወዴት መጣ? ሁለት ነገሮች ተጋጥመው እንዳመጡት እንገምታለን።

አንደኛው መሣሪያው ነው። ጊሌት የተባለው አሜሪካዊ በ1903 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጣው ስስ፣ ሁለት ወገን ስለት ያለው ምላጭ ቀስ በቀስ ዓለምን አዳረሰ። ርካሽ ነው፤ መሳል አያሻውም፤ ሲደነዝዝ ይጣላል። ከእርሱም ጋር መቀስና በእጅ የሚጨበጠው ቶንዶስ መጣ፤ ስሙም ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ነው። ቀጥቃጭ የሠራውን ምላጭ በጥበብ መያዝ የሚችሉ ጥቂቶች ነበሩ፤ አዲሱን ግን ማንም ጎልማሳ በጥቂት ወራት ልምምድ ሊይዘው ቻለ።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። በጎንደርና በባሕር ዳር መካከል የመኪና መንገድ ከተዘረጋ ወዲህ ሹፌር፣ ነጋዴ፣ ወታደርና የመንግሥት ሠራተኛ ይመላለስበት ጀመር። ባሕር ዳርም በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በ1955 ዓ.ም. የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ባገኘች ጊዜ ምልልሱ በዛ። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ በቻይና መንግሥት እርዳታ ከወረታ እስከ ወልድያ ያለው መንገድ ተሠራ። ሹፌርና ወታደር ጠጉሩን የሚላጭለት እናትም ጓደኛም በአጠገቡ የለም። ከቤቱ የራቀ ሰው የሚያስፈልገውን የወገን አገልግሎት በገንዘብ መግዛት ግድ ይሆንበታል። ጠላ ቤት፣ ምግብ ቤትና አልቤርጎ በመንገድ ከተሞች የበቀሉበት ምክንያት ይኸው ነው፤ የጠጉር ቆራጭ ቤትም የእነርሱ ታናሽ ወንድም ነው።

ትምህርት ቤትም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። ከእኛ መካከል በሚስዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች በየጊዜው ተሰልፈን ራሳችን በቶንዶስ ይከረከም እንደ ነበረ እናስታውሳለን። የደጃዝማች ልጅም የጭሰኛ ልጅም ቢሆን ከዚያ ሰልፍ የሚወጣው በአንድ ዐይነት ራስ ነው። ቁንጮና ጋሜ ወደ ክፍል አይገቡም ነበር።

በዚህ ነጥብ ላይ አንባቢ እንዲያስተውል የምንወደው አንድ ነገር አለ። የጠጉር ቆራጭ ቤት የድሮውን ወግ የጠበቀ ቤት አልነበረም። የድሮውን ወግ የቆረጠው እርሱ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ዕድሜውና ጀግንነቱ ሳይጠየቅ በአንድ ቁመት ይከረከማል። ጠጉር ምስክርነቱን የተወው በዚያ ወንበር ላይ ነው። ዛሬ «ባህላዊ» የምንለው የእንጨት ወንበርና የዛገ መስተዋት ያለው ቤት፣ በአመጣጡ ከአውቶቡስ ጋር የመጣ አዲስ ነገር ነበረ።

ነገር ግን ከድሮው ውስጥ አንድ ነገር ይዞ ቆየ፤ ይኸውም እምነት ነው። የሰፈር ጠጉር ቆራጭ ደንበኞቹን በስም ያውቃል። ማን ቆረቆር እንዳለበት፣ ማን ኀዘን እንደ ገባ፣ የማን ልጅ ሊያገባ እንደ ደረሰ ያውቃል። የሌለው ሰው እህሉ እስኪደርስ በዱቤ ይቆረጣል። ከገጠር ለገበያ የመጣው ሽማግሌ ዱላውን አስደግፎ፣ ተራ እስኪደርሰው ወሬ ይሰማል፣ ወሬም ያወራል። ወንፈሉ በሳንቲም ተለወጠ እንጂ ማጅራትን ለታመነ እጅ የመስጠቱ ነገር አልተለወጠም።

4. ቤቱ ስለምን ይዘጋል?

ለመዘጋቱ ምክንያት ተብለው የሚነገሩት ብዙ ናቸው። ዋና ዋናዎቹን በየተራ እንመርምር።

የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መቁረጫ ነው። አሜሪካዊው ሊዮ ዋል በ1921 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት መሣሪያ ዛሬ በየከተማችን ገብቷል። ሆኖም መሣሪያው ብቻውን ነባሩን ሰው ከሥራ ሊያስወጣው አይችልም። አሮጌው ባለሙያ ከእጅ ምላጭ ወደ ስስ ምላጭ፣ ከእርሱም ወደ ቶንዶስ እንደ ተሸጋገረ፣ ወደ ኤሌክትሪኩም ሊሸጋገር ይችላል፤ የተሸጋገሩም አሉ።

ሁለተኛው የጤና ፍርሃት ነው። በ1978 ዓ.ም. የኤድስ ሕሙማን በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከታወቁ በኋላ፣ ስለታም ነገሮችን በጋራ ያለመጠቀም ትምህርት በራዲዮና በየትምህርት ቤቱ ተሰጠ። ትምህርቱም ትክክል ነበረ። ደንበኛው ምላጩን ራሱ ገዝቶ መምጣት ጀመረ፤ ወይም አዲሱ ምላጭ ዐይኑ እያየ ከወረቀቱ እንዲወጣለት ጠየቀ። ይህ በእምነት ላይ የቆመውን ሙያ እንደ ነካው አይካድም። ያም ሆኖ አልገደለውም፤ ሙያው ከአዲሱ ሥርዓት ጋር ተስማምቶ ቀጥሏል።

ሦስተኛው የወጣቱ ፍላጎት ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጎፈሬያቸውን ያሳድጉ ነበር፤ ፋሽኑ አፍሮ በሚል ስም ከአሜሪካ ጥቁር ሕዝብ እንቅስቃሴ ጋር የመጣ ቢሆንም፣ ለእኛ አገር ሰው የአርበኛውን ራስ የሚያስታውስ ነበረ። ያን ጊዜም ጠጉር ቆራጩ ከስሮ አልጠፋም። የዛሬውም ወጣት ጎኑን አሳጥሮ አናቱን ማሳደጉ፣ ማን ይቆርጠው የሚለውን ይለውጥ ይሆናል እንጂ መቆረጡን አያስቀርም።

እነዚህ ሦስቱ ሙያውን የለወጡ ምክንያቶች ናቸው። ቤቱን የሚዘጋው ግን አራተኛው ነው ብለን እናምናለን፤ እርሱም የቦታ ዋጋ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፣ ብዙ ጥቃቅን ሱቆች በቀበሌ ቤት ውስጥ በዝቅተኛ ኪራይ ለመኖር ቻሉ። በቀን ጥቂት ራስ ቆርጦ የሚያድር ሰው በአውራ ጎዳና ዳር ሊቀመጥ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። በኋላ ግን የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ ተወሰነ፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ይህን ሥርዓት አጥብቆታል። ከዚያ ወዲህ የመንገድ ዳር መሬት ዋጋው የሚሰላው በሚሠራበት ፎቅ ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ አካባቢ፣ ዶሮ ማነቂያ የተባለው ሰፈር ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ በዝቅተኛ ኪራይ የቆዩ ነባር ጥቃቅን የሥራ ቤቶች አብረው ተነሥተዋል። የፈረሰውን ቤት መሣሪያው አሮጌ ይሁን አዲስ ማንም አልጠየቀውም።

ወረታም የዚህ ነገር ጭላንጭል አላት። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እርዳታ፣ ጅግናና ሻጋ በተባሉት የኅብረት ሥራ ማኅበራት መሬት ላይ የተሞከረው ሩዝ፣ ከጊዜ በኋላ ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ ወደ ገንዘብ ለወጠው። ጅግና የሚለው ስም እስከ ዛሬ የሩዝ ዘር መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። በወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች ተተከሉ፤ የአገሪቱ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም በዚያው ይገኛል። ይህ ለአገሩ ሰው እጅግ መልካም ነገር ነው፤ ማንም እንዲቀር አይመኝም። ነገር ግን ሩዝ ጫኝ መኪና የሚቆምበት፣ መፈልፈያና መጋዘን የሚፈለግበት የመንገድ ዳር፣ ለአንድ ወንበርና ለአንድ መስተዋት የሚተርፈው ቦታ እያነሰ መሄዱ የማይቀር ነው። መንገድ ያመጣውን ቤት የመንገድ ዳር ዋጋ ይወስደዋል።

5. የሚሄደውና የሚቀረው

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ቤቱ ሲዘጋ ባህል ሞተ ማለት ይገባልን? ቁንጮና ሳዱላ፣ የገዳይ ሹሩባም ጭምር፣ ቤቱ ሳይዘጋ ገና በሥራ ላይ ሳለ የተዳከሙ ነገሮች ናቸው። እነርሱ ዛሬ በብዛት የሚገኙት በቋንቋችን ነው፤ የሹማምንትን አለቃ «ቁንጮ» ስንል አናቱ ላይ የቀረውን የሕፃን ጠጉር ሳናውቀው እንጠራለን። በጠጉር ቆራጭ ቤት መዘጋት የሚቀረው ታዲያ ሌላ ነው፤ በወንፈልና በገበያ መካከል የነበረው የመሸጋገሪያ ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ሰው ገንዘብ ይከፍላል፣ ግን በስሙ ይታወቃል። ዋጋ አለ፣ ዱቤም አለ። ቤቱ የንግድ ቤት ነው፣ ሸንጎም ነው።

ይህ ለማን ይጎዳል ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ወጣቱ አይጎዳም፤ ሙዚቃና መብራት ወዳለበት፣ «የወንዶች የውበት ሳሎን» የሚል ሰሌዳ ወደ ሰቀለው ቤት ይሄዳል። ላጭ የነበረው ሰው ስሙ መጀመሪያ ጠጉር ቆራጭ፣ ቀጥሎ ጠጉር አስተካካይ፣ አሁን ደግሞ ሳሎን መሆኑ ለእርሱ ዕድገት ነው። የሚጎዱት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ዕድሜውን በቆመበት የፈጀው ባለሙያ ነው፤ የጡረታ መዝገብ የለውም፤ ሙያው ከእጁ ጋር፣ ደንበኛው ከቦታው ጋር የታሰረ ስለ ሆነ ከመንገድ ዳር ወደ ውስጥ ሰፈር ሲገፋ ሁለቱንም ያጣል። ሁለተኛው ከሜዳው ወደ ከተማ የሚመጣው አዛውንት ገበሬ ነው። እርሱ ከሳሎኑ ደጅ ቆሞ የሚገባበት ወግ ይጠፋዋል።

ስለዚህ ማልቀስ ብቻውን ለሁለቱም አይጠቅማቸውም። ዛሬ የከተማ ፕላን የሚያወጡ ሰዎች ለገበያ፣ ለመኪና ማቆሚያና ለአረንጓዴ ቦታ ስፍራ እንደሚመድቡ ሁሉ፣ አንድ ወንበር ላላቸው ሙያተኞችም በሚችሉት ኪራይ ከገበያው አጠገብ ጥግ ቢተዉላቸው ከተማይቱ የምታጣው ነገር ጥቂት ነው፤ የምታተርፈው ግን ብዙ ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀረው ሥራ ደግሞ ሌላ ነው። የለንደን ጠጉር ቆራጮች መዝገብ ትተዋል፤ የእኛዎቹ ግን የተዉት በሰው ራስ ላይ በመሆኑ ከወር በላይ አይቆይም። ከዚህ ኮሌጅ ተማሪዎች መካከል በዕረፍት ጊዜ ወደ ትውልድ አገሩ የሚሄድ ሁሉ፣ በከተማው ያለውን የጠጉር ቆራጭ ቤት ዘመን፣ የመጀመሪያውን ዋጋ፣ የኪራዩን ዐይነት፣ ባለሙያው ሥራውን ከማን እንደ ተማረና ከየት እንደ መጣ ጠይቆ ቢጽፍ፣ የመንገድ ከተሞቻችን ታሪክ ከአንድ ያልታሰበ ወገን ሊጻፍ ይችላል። ጥያቄዎቹም ተራ ሲጠበቅ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጠየቁ ናቸው። በወረታ በኩል የጀመርነውን ሌሎች በወልድያ፣ በደሴ፣ በነቀምቴና በጅማ ቢቀጥሉት ደስታችን ነው።